የወፍጮ ቤቱ ቺንጋ

የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከዱቄቱ ሽታ በላይ ሲወጣ ባለወፍጮው ለማንም ሳይናገር ሞተሩን ያጠፋል። ሰልፍ የያዙት ሴቶች «ምነው፣ ምን ሆነ?» ይላሉ። «ቺንጋ ነው፣ እናቴ» ይላል፤ መፍቻውን ፍለጋ ይሄዳል።

ቺንጋ ወፍጮ ቤት ብቻ አይገኝም፤ የሣር ማጨጃም አለው። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች ግን ሣር የሚታጨደው በማጭድ ነው። ትራክተር ከኋላው አንጠልጥሎ ሜዳ የሚያስተካክልበት የሣር ማጨጃ እዚህ ብዙ ሥራ አያገኝም። በዚያ ማጨጃ ሆድ ውስጥ ያለው ቺንጋ ግን ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም። ማጨጃው ላይ በደቂቃ 540 ጊዜ ከሚሽከረከረው የትራክተር ዘንግ የመጣውን ጉልበት ለምላጮቹ ያካፍላል፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ለድንጋዩ ያደርሳል። ከቆላ የመጣ ማሽላ ይሁን ከደጋ የወረደ ገብስ፣ ዱቄት የሚሆነው በዚህች የጎማ ቀለበት በኩል ነው። እሷ ከተበጠሰች የሚቀረው አማራጭ ተንበርክኮ በመጅ መፍጨት ነው፤ ያንን የሚያውቅ ጉልበት ደግሞ አይመኘውም።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቺንጊያ ማለት ጠፍር፣ ማሰሪያ ማለት ነው። ቺንጋው የሚጠመጠምበት ፑሌጃ፣ ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ፣ ቡሎኑና ዳዶው ሁሉ የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ድንጋዩ ጋ ሲደረስ ግን ወሬው ወደ አገር ቤት ይመለሳል፤ የለሰለሰ የወፍጮ ድንጋይ ይወቀራል። ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስምም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚታየው ቺንጋ ወደ ውስጥ የጠበበ፣ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ነው። ድሮ በዓለም ዙሪያ ማሽን የሚያዞረው ጠፍጣፋ የቆዳ ጠፍር ነበር፤ አሜሪካዊው ጆን ጌትስ የሽብልቁን ዓይነት ከጎማና ከክር ሠርቶ ያወጣው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ብልሃቱ ከጎኑ ላይ ነው። ቺንጋው ሲወጠር በፑሌጃው ቦይ ውስጥ ይሸጎጥና ግራና ቀኙን ነክሶ ይይዛል፤ ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ወለሉ እንደ መስታወት ሲያበራ ከታየ ወይ ቺንጋው ወይ ፑሌጃው በጎኑ ተበልቷል። ብዙ ጊዜ ቺንጋ የሚታማው በፑሌጃ ጥፋት ነው፤ በተበላ ቦይ ላይ አዲስ ቺንጋ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

መንሸራተቱም ጥቅም አለው። ከእህሉ ጋር ሚስማር ወይም ጠጠር ገብቶ ድንጋዩ ድንገት ሲያዝ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ይሸታል። እሱ ባይንሸራተት ሞተሩ ነበር የሚቃጠለው።

ቺንጋ ሲለወጥ መጀመሪያ መብራቱ ከቆጣሪው ይቋረጣል። ከዚያ የሞተሩን እግር የያዙት አራት ቡሎኖች ይላላሉ፤ ሞተሩ ወደ ወፍጮው ይጠጋል፤ ቺንጋው በእጅ ይወጣል፣ በእጅ ይገባል። ቸኩሎ በካቻቢቴ ፈልቅቆ የሚያስገባ ሰው ውስጡ ያለውን ክር ይቆርጠዋል። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ሳምንት ሳይሞላው ግን ይበጠሳል። ሁለትና ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን ካሉም አንዱን ብቻ መለወጥ አያዋጣም። አሮጌዎቹ ስለተለጠጡ ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ላይ ይወድቃል።

መጠኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል። «ቢ 75» ከሆነ ፊደሉ ስፋቱን፣ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ቁጥሩ ደግሞ የውስጥ ዙሪያውን በኢንች ይናገራል፤ 190 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። መለዋወጫ ለማምጣት ቀን ሙሉ በሚጓዙበት አገር ይህን ጽሑፍ ሳይፋቅ በፊት ወረቀት ላይ መገልበጥ ከመፍቻ የማይተናነስ መሣሪያ ነው።

የፑሌጃዎቹ ስፋትም የራሱ ሒሳብ አለው። በደቂቃ 1,450 ጊዜ የሚዞር የመብራት ሞተር 12 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ይዞ የወፍጮውን 30 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ካዞረ ድንጋዩ 580 ጊዜ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ በቀርፋፋ የናፍጣ ሞተር መፍጨት የፈለገ ሰው ታዲያ በሞተሩ በኩል ሰፋ ያለ ፑሌጃ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ወፍጮው ይዞራል እንጂ አይፈጭም።

ሁለቱ ፑሌጃዎች ቀጥ ማለታቸው በተወጠረ ሲባጎ ይለካል። ሲባጎው አራቱንም ጠርዝ ከነካ ልክ ነው። ውጥረቱ ደግሞ በአውራ ጣት ይፈተናል፦ በፑሌጃዎቹ መካከል አንድ ሜትር ርቀት ካለ ቺንጋው መሃል ላይ ሲጫኑት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ቢጎብጥ ይበቃዋል። የላላው ይንሸራተታል። ከልክ በላይ የተወጠረው ግን የባሰ ነው፤ ኩሽኔታውን በልቶ ያስወጣል፣ የኩሽኔታ ዋጋ ደግሞ ከቺንጋ ጋር አይወዳደርም።

ብዙ ወፍጮ ቤቶች ላይ የሚጎድለው መሸፈኛ ነው። ቆርቆሮውን አንድ ቀን ለመጠገን ያነሡትና ማዕዘን ላይ ይረሱታል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጆንያ አቅፋ ጎንበስ የምትል ሴት ነጠላዋ ሾልኮ ከቺንጋው ጋር ከተጠመጠመ ለመጮህም ጊዜ አይሰጣትም። ቆርቆሮውን መልሶ ለማሰር የሚያስፈልገው ሁለት ቡሎን ነው።

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ቀን ይለጠጣል። ስለዚህ ባለወፍጮው በማግስቱ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ጆንያ ሳይፈታ፣ ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አራቱን ቡሎኖች እንደገና ያላላል፣ ሞተሩን ጥቂት ወደ ኋላ ይገፋል፣ ያጠብቃል፤ ቀጥሎም ቆርቆሮውን ያስራል። በር ላይ የቆመችው አህያ ጭነቷ አልወረደላትም።