ዋልያስ ባንድ፤ ያለ ዘፋኝ የተናገረ ሙዚቃ

ስሙን በሰሜን ተራሮች ገደል ከሚኖረው ዋልያ የወሰደው ዋልያስ ባንድ፣ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ከከፍተኛው ማዕርግ ሊቀመጥ ሲገባው፣ የዋልያው አገር በሆነው በጎንደር ክፍል እንኳ፣ ይልቁንም እኔ በምኖርባት በአይከል፣ ዜማውን ዘወትር እየሰማ ባለቤቱን ለይቶ የማያውቀው ሰው እጅግ መብዛቱ ያሳዝነኛል።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ፣ በሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫወተ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቴአትር ቤት ሆነው በመንግሥት ሥር ሲተዳደሩ፣ ዋልያስ ግን የሙዚቀኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነበር። በደብረ ብርሃን ተወልዶ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያደገው ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎኑን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔቱን፣ ማሕሙድ አማን ጊታሩን፣ መላከ ገብሬ ቤዙን፣ ተማረ ሐረጉ ድራሙን ያዙ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ፣ ታዳሚው በሌሊት ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል እስኪነጋ ከእነርሱ ጋር ያድር ነበርና፣ እነርሱም ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ግድ ሆነባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተባበራቸው። በዚህ ሸክላ ውስጥ ዛሬ በዓለም የታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» ይገኛል። ብዙዎች የሙላቱ ወይም የኃይሉ ድርሰት ይመስላቸዋል፤ የደረሰው ግን የባንዱ ባልደረባ ግርማ በየነ ነው፤ ይህን ማወቅ የሚገባን ለደራሲው ክብር ስንል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ስሕተት ግን፣ ሕዝባችን «ክላሲካል» የሚለውን ሙዚቃ ዘፋኙ የቀረበት ዘፈን አድርጎ መቍጠሩ ነው። አንድ ጊዜ ከአይከል ወደ ጎንደር ስንጓዝ ሾፌሩ የዋልያስን ካሴት ከፍቶ ነበርና፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ፣ ዘፋኙ ገብቷል፤ ኦርጋኑ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው አዳመጡና፣ «እውነት ነው፤ ይናገራል» አሉ።

አነጋገራቸው ትክክል ነበር። በ«ሙዚቃዊ ስልት» ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ ሳይሰለች እየደጋገመ መሠረቱን ሲያጸና፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ በአንድ ቃል ዜማውን ያውጃሉ፤ ኦርጋኑም ዜማውን ተቀብሎ፣ አንድ አዝማሪ ድምፁን እንደሚያርገበግበው፣ በየኖታው ዙሪያ እየተመላለሰ ያራቅቀዋል። እዚያ ላይ ግጥም ቢጨመር ይበዛል እንጂ ጎደሎ አይሞላም።

ይህም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን አገር ታሪክ ዘንግተዋል። በጎንደር ነገሥታት አደባባይ ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ያለ አንዳች ቃል የመንግሥትን ክብር ይናገሩ አልነበረምን? እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው፣ እያንዳንዳቸው አንድና ሁለት ድምፅ ብቻ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን ዜማ በኅብረት ይፈጽማሉ። የአቋቋም ምስክር በሆነችው በጎንደር በአታም ሊቃውንቱ አንዱን ዜማ በቁሙ ካዜሙ በኋላ በመቋሚያ ይዘምሙታል፣ በከበሮና በጸናጽልም ይመረግዱታል፤ ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ በመሣሪያው ብዛት ግርማው ይጨምራል። እንግዲህ መሣሪያ የድምፅ ሎሌ ነው ማለት ከእኛ ትውፊት የወጣ አነጋገር አይደለም።

ስለዚህ የሬዲዮ ተናጋሪዎችን እወቅሳለሁ፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለዜና መግቢያና ለማስታወቂያ መደገፊያ እያደረጉ፣ በዜማው ላይ ይናገሩበታል፣ ከመካከሉም ይቆርጡታል፤ ዘፋኝ ቢሆን ኖሮ ስሙን ሳይጠሩ አያልፉትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ከዘፋኞቹ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ሲቀሩ፣ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ማኅበሩ ተከፈለ፤ ዜማው ግን መልኩን እየለወጠ ኖረ። ኃይሉ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ ባንድን አቋቋመ፤ በ1985ም ብቻውን ሆኖ፣ የልጅነት አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርድና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን አወጣ። በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖሮ፣ ያ ካሴት በ2013 እንደ ገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም ከቤዝና ከድራም ተጫዋች ጋር ብቻ ሆኖ «ላላ በሉ»ን አሳተመ። በሒልተን በብዙ መሣሪያ የሞላው ድምፅ በሦስት ሰው ሲቀርብ ቅኝቱ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ተሰማ እንጂ አልደኸየም።

አንባቢዬም የዋልያስን ዜማ ሲሰማ ወሬውን ትቶ እስከ ፍጻሜው ያዳምጥ፤ ለልጆቹም የደራሲውንና የተጫዋቾቹን ስም ይንገራቸው፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ ስለ ራሱ መመስከር ባይችል፣ ምስክርነቱ የእኛ ግዴታ ነውና።