ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ እስከ ሱፐር ቦውል፦ ኩርት ዋርነርን መራጮች ለምን አላዩትም?

የአሜሪካ እግር ኳስ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የራስ ቁር ያጠለቁ ግዙፍ ሰዎች ሲላተሙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ግን ላተሙን ሳይሆን በጨዋታው ውስጥ ኳርተርባክ የሚባለውን ቦታ፣ በተለይም በ2010 ጨዋታ ያቆመውን ኩርት ዋርነርን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እሱን የመረጥኩት እኛ በትምህርት ክፍላችን “የተሰጥኦ ምርጫ” እያልን የምንማረው ነገር በእሱ ላይ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ስለከሸፈ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሆናል። በየሙከራው ኳሱን የሚቀበለው ኳርተርባኩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው። በዚህች ቅጽበት የቡድኑ ተቀባዮች የት እንደደረሱ፣ ተከላካዮቹ ወዴት እንዳደሉ አይቶ መወርወር አለበት፤ ከ120 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ደግሞ እሱን ሊጥሉ እየመጡ ነው። መልማዮች ቁመት፣ ክብደትና የ40 ያርድ ሩጫ ይለካሉ። ይሄንን ግን በምን ይለኩት?

የአሜሪካው ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን የሚያከፋፍለው ድራፍት በሚባል ሥርዓት ነው፤ ቡድኖች በየተራቸው ይመርጣሉ። ዋርነር በኖርዘርን አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻው ዓመት ብቻ ነበር። በ1994 ድራፍት በሰባት ዙር ከ200 በላይ ልጆች ሲመረጡ የእሱ ስም አልተጠራም። ግሪን ቤይ ፓከርስ ለሙከራ ወስዶት ውድድሩ ሳይጀመር አሰናበተው። እዚያ እነ ብሬት ፋቭር ስለነበሩ ብዙም አይፈረድባቸውም። ዋርነር ወደ አዮዋ ተመልሶ ሲዳር ፎልስ በምትባል ከተማ በአንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዕቃ መደርደር ጀመረ፤ ክፍያው በሰዓት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር።

ስለ ዋርነር ሲወራ ይህ ሱፐርማርኬት ሳይነሳ አይቀርም፤ ልብ ይነካላ! ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ያለው ቀጥሎ በመጣው ላይ ነው። ከ1995 እስከ 1997 አዮዋ ባርንስቶርመርስ በተባለ ቡድን አሬና ፉትቦል ተጫወተ። ይህ በአዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ሜዳው የትልቁ ግማሽ፣ 50 ያርድ ብቻ ነው፤ ስፋቱም እንደዚያው ነው። በየወገኑ 11 ሳይሆን 8 ሰው ይሰለፋል፤ ዳር ላይ ያለው ደግሞ ፍራሽ የለበሰ ግድግዳ ነው። ሁሉም ነገር ቅርብ ስለሆነ ኳስ ይዞ ማሰላሰል የሚባል ነገር የለም። ብዙ ሰው ይህን ሊግ እንደ ቀልድ ያየው ነበር። ዋርነር ግን ሦስት የውድድር ዘመን ሙሉ በጠባብ ቦታ፣ በጥድፊያ፣ ብዙ ኳስ ወረወረ። የትልቅ ቡድን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ያህል ውሳኔ የመወሰን ዕድል ከየት ያገኝ ነበር? ሜዳውን አጥብቦ ማለማመድ ውሳኔን ያፋጥናል እያልን በክፍል የምንማረውን እሱ በእንጀራው ላይ ተማረው።

በ1998 ሴንት ሉዊስ ራምስ አስፈርሞ ወደ አምስተርዳም ላከው፤ በአውሮፓው ሊግ በውርወራ ያርድም በታችዳውን ብዛትም አንደኛ ሆነ። ሲመለስ ያው ሦስተኛ ተጠባባቂ ነው። በ1999 መጀመሪያ ወደ ሊጉ የተመለሰው ክሊቭላንድ ብራውንስ ከሌሎች ቡድኖች ተጫዋች ሲመርጥ፣ ራምስ ከፈለጋችሁ ውሰዱት ብለው ዋርነርን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት። ክሊቭላንድም አልፈለገውም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ውስጥ የራምስ ዋና ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን ጉልበቱን ተጎዳ፤ ዋርነር የገባው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው ማለት ይቻላል። ዓመቱን በ41 ታችዳውን ጨረሰ። ከእሱ በፊት በአንድ ዘመን 40 የደረሰ ዳን ማሪኖ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት 4 ጊዜ ብቻ ያሸነፈው ቡድን 13 አሸነፈ። በጥር 2000 ሱፐር ቦውል ላይ ዋርነር 414 ያርድ ወርውሮ የጊዜውን ሪከርድ ሰበረ፤ ራምስም ቴነሲ ታይታንስን 23 ለ 16 ረቱ።

እዚህ ላይ መራጮቹን ብቻ መኮነን አልፈልግም። ከጎኑ ማርሻል ፎልክ፣ አይዛክ ብሩስና ቶሪ ሆልት ነበሩ፤ የማይክ ማርትዝ የማጥቃት ስልትም ቶሎ ለሚወረውር ሰው የተሰፋ ነበር። በ2001 ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ኮከብ ከተባለ በኋላ ጣቱ ሲሰበርና ኳስ ከእጁ ሲያመልጥ ያ ሁሉ ጠፋ፤ ራምስ ለቀቁት፣ በኒውዮርክ ጃይንትስም ቦታውን ለወጣቱ ኢላይ ማኒንግ አስረከበ። ሰው አለቀለት አለ። እሱ ግን አሪዞና ካርዲናልስን በ2008 የውድድር ዘመን እስከ ሱፐር ቦውል አደረሰ፤ በፒትስበርግ 27 ለ 23 ተሸነፉ።

በጥር 2010 አሪዞና በጥሎ ማለፍ የገጠመው ያን ግሪን ቤይን ነበር። ዋርነር ከወረወራቸው 33 ኳሶች 29ኙ ተያዙ፤ ያልተያዙት አራት፣ ታችዳውኖቹ አምስት። አሪዞና በጭማሪ ሰዓት 51 ለ 45 አሸነፈ። በቀጣዩ ሳምንት ኒው ኦርሊንስ ላይ ክፉኛ ተመታ፤ ወሩ ሳያልቅም በ38 ዓመቱ ማቆሙን አስታወቀ። በ2017 ስሙ ኦሃዮ ካንተን በሚገኘው የዝነኞች አዳራሽ ገባ።