ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2፦ ከሳ እንጂ አልደከመም

በሴፕቴምበር 2004 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ አንድ የቤት ውስጥ ጌም ማጫወቻ አስተዋወቀ። ማሽኑ ከቀድሞው አይፈጥንም፤ የሚያወጣው ምስልም ከቀድሞው አይጠራም፤ የሚያጫውታቸው ሲዲዎችም ቀድሞውኑ በየቤቱ ያሉት ናቸው። ስሙም ያው ፕሌይስቴሽን 2 ነው። የተለወጠው አካሉ ነበር። 7.8 ሴንቲ ሜትር የነበረው ውፍረት ወደ 2.8 ወረደ፤ ከሁለት ኪሎ በላይ የነበረው ክብደት 900 ግራም ሆነ። ከቴሌቪዥን ሥር ሰፊ ቦታ ይይዝ የነበረው ጥቁር ሣጥን ውፍረቱ ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ የማይበልጥ፣ በአንድ እጅ የሚነሳ ዕቃ ሆኖ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡ የመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ይህ ማሽን ግን በከሳ ጊዜ ዋጋው የሚረክስበት፣ ዕድሜው የሚረዝምበትና መጀመሪያ ሲወጣ ሊገዛው ያልቻለ ሰው ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ተከፈተለት። ስለዚህም ስለ ባሕርያቱ ስናነሳ ምን ቀነሰ ብቻ ሳይሆን እንዴት ቀነሰ፣ ለማንስ ጠቀመ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ማሽን

ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ማርች 4 ቀን 2000 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካና አውሮፓ ገባ። የአሜሪካ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። የሶኒን የጌም ሥራ ከመነሻው ያቀኑት መሐንዲስ ኬን ኩታራጊ ይህን ማሽን ሲያወጡ ከጌምም ያለፈ ነገር ጨምረውበት ነበር፤ ዲቪዲ ፊልም ያጫውታል። የዲቪዲ ማጫወቻ ገና ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ ለልጁ ጌም ሲገዛ ለራሱም የፊልም ማሳያ አገኘ። ከዚህም በላይ የመጀመሪያውን የፕሌይስቴሽን ጌሞች ስለሚቀበል የቆየ ሲዲ ያለው ሰው ንብረቱ አልባከነበትም።

ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ትልልቅ ቺፖች ነበሩ። አንደኛው ኢሞሽን ኢንጂን ይባላል፤ የማሽኑ አንጎል ሲሆን ፍጥነቱ 300 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው። ሁለተኛው ግራፊክስ ሲንተሳይዘር የተባለው ምስል ሣይ ነው። የማሽኑ ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የምንይዘው ተራ ስልክ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የጌም ሠሪዎች ግን በዚያች ሜሞሪ ውስጥ ሰፋፊ ከተሞችን፣ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳዎችን ከነተመልካቾቻቸው አኖሩ።

ሆዱ ውስጥ ምን ተለወጠ?

ማሽኑ እንዲቀጥን ያደረገው ዋናው ምክንያት ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከቺፑ ይጀምራል። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 2 ውስጥ ኢሞሽን ኢንጂን 240 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ግራፊክስ ሲንተሳይዘር ደግሞ 279 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ነበራቸው። በየዓመቱ የቺፕ አሠራር ጥበብ እየረቀቀ ሲሄድ ያንኑ ሥራ የሚሠሩትን ትራንዚስተሮች አሳንሶ መሥራት ተቻለ። በ2003 ሶኒ ሁለቱን ቺፖች በአንድ ላይ አዋህዶ በ90 ናኖ ሜትር ጥበብ እንደሚያመርት አስታወቀ። አንድ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የተዋሃደው ቺፕ 53.5 ሚሊዮን ትራንዚስተሮችን የያዘው በ86 ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ቀድሞ ሁለቱ በድምሩ ይይዙት ከነበረው ቦታ አንድ ስድስተኛው ያህል መሆኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው አንዱ ሌላውን እየጎተተ የመጣ ነው። ትንሽ ትራንዚስተር የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ያነሰ ነው፤ የሚያወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ሙቀት ከቀነሰ ማቀዝቀዣ ብረቱም ቬንትሌተሩም ሊያንሱ ይችላሉ። እነሱ ሲያንሱ ሣጥኑ ያንሳል። ቺፑ ባነሰ ቁጥር ከአንድ የሲሊከን ገበታ ብዙ ፍሬ ስለሚወጣ የእያንዳንዱ ማምረቻ ወጪ ይወርዳል። ሣጥኑ ሲያንስ ደግሞ በአንድ መርከብ ብዙ ማሽን ይጫናል። ለሠሪው ቅጥነት ቁጠባ ማለት ነው፤ ያ ቁጠባ ነው ኋላ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ያስቻለው።

ሌሎች ሁለት ለውጦችም ቦታ አስለቀቁ። አንደኛ፣ ኃይል ሰጪው ክፍል ከማሽኑ ወጥቶ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር በገመድ መሐል የሚቀመጥ አዳፕተር ሆነ። ሁለተኛ፣ ሲዲውን እየጎተተ የሚያስገባውና የሚያስወጣው መሳቢያ ቀረ። በምትኩ ክዳኑ በአንድ ቁልፍ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ተጫዋቹ ሲዲውን በእጁ ያስቀምጣል። መሳቢያውን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ሞተርና ጥርሶች ስለሌሉ ሊበላሽ የሚችል አንድ ክፍል ተወገደ።

ምን አገኘ? ምን አጣ?

ቀጭኑ ማሽን ካገኛቸው ነገሮች ትልቁ የኔትወርክ መሰኪያ ነው። በቀድሞው ማሽን ኢንተርኔት ላይ ለመጫወት የፈለገ ሰው ኔትወርክ አዳፕተር የተባለውን ዕቃ ለብቻው ገዝቶ ከኋላው መግጠም ነበረበት። በአዲሱ መሰኪያው ከማሽኑ ጋር ተሠርቶ መጣ። በሰሜን አሜሪካ የተሸጠው ደግሞ የስልክ መስመር ሞደምም ነበረው፤ ፈጣን ኢንተርኔት ገና በየቤቱ ባልገባበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት የጆይስቲክ መሰኪያ፣ ሁለት የሜሞሪ ካርድ ቦታና ሁለት ዩኤስቢ እንደነበሩ ቀጠሉ። 8 ሜጋ ባይት የምትይዘው ሜሞሪ ካርድም ሳትለወጥ ስለቀረች አሮጌ ማሽኑን በአዲስ የለወጠ ሰው የደረሰበትን ደረጃ ይዞ መሻገር ቻለ።

ያጣውም አለ። የቀድሞው ማሽን ከኋላው ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ክፍት ቦታ ነበረው። ሶኒ 40 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ፋይናል ፋንታሲ 11 ከተባለው የኢንተርኔት ጌም ጋር አድርጎ በማርች 2004 ለአሜሪካ ገበያ አቅርቦ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጣው ቀጭን ማሽን ግን ያ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ያንን ጌም ማጫወት አይችልም። ከሁለት በላይ ሆነው ለሚጫወቱ የሚያገለግለው መልቲታፕም የቅርጹ ልዩነት ስላስቸገረ ለቀጭኑ ሌላ ተሠራለት። አዳፕተሩም በበኩሉ ችግር አመጣ፤ ሶኒ በ2005 ከልክ በላይ የመሞቅ ስጋት ስላለባቸው ከቀጭኑ ማሽን ጋር የተሸጡ አዳፕተሮችን ሰብስቦ መለወጥ ግድ ሆነበት።

ማሻሻሉ በዚያ አላበቃም። በ2007 የወጣው ኤስ.ሲ.ፒ.ኤች 79000 የተባለው ሞዴል ክብደቱ ወደ 600 ግራም ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የመጣው 90000 ደግሞ ኃይል ሰጪውን እንደገና ወደ ውስጥ መለሰው፤ ክብደቱ 720 ግራም ሆነ፤ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ማሽኑ ያለው አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ነው። በ2004 ሣጥኑን ለማቅጠን ሲባል የወጣው ክፍል ከሦስት ዓመት በኋላ ሣጥኑ ሳይወፍር ተመልሶ መግባቱ በእነዚያ ዓመታት ምን ያህል እንደተሠራ ያሳያል።

በስዊዝ ካናል የተያዘው ዕቃ

ቀጭኑ ማሽን ለገበያ በወጣ በወሩ እንግሊዝ አገር ከሱቅ መደርደሪያ ጠፋ። ሰው የገና ስጦታ በሚገዛበት በዚያ ወቅት አንድ የነዳጅ መርከብ ስዊዝ ካናል ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘጋው። ከቻይና ፕሌይስቴሽን ጭኖ ወደ እንግሊዝ የሚሄደው መርከብም አብሮ ቆመ። ሶኒ እጥረቱን ለመሙላት የጭነት አውሮፕላኖች እስከ መከራየት ደረሰ። በዚያው ሰሞን፣ በኦክቶበር 2004፣ በፕሌይስቴሽን 2 ታሪክ እጅግ የተሸጠው ጌም ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ ወጥቶ ነበርና ገዢው የቸኮለው ያለ ምክንያት አልነበረም። የቀጭኑ ማሽን የአሜሪካ ዋጋ 149 ዶላር ነበር፤ ከመጀመሪያው ዋጋ ግማሽ ያህል ማለት ነው።

ከወራሹ ጋር የኖረ ማሽን

አዲስ ማሽን ሲመጣ አሮጌው ከገበያ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 መጨረሻ በ499 እና በ599 ዶላር ሲወጣ ግን ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 ቦታውን አልለቀቀም። ጎድ ኦቭ ዎር 2 የተባለው ዝነኛ ጌም በ2007 የወጣው ለአዲሱ ሳይሆን ለአሮጌው ማሽን ነበር። በኤፕሪል 2009 ዋጋው 99 ዶላር ደረሰ። ብራዚል ውስጥ በይፋ መሸጥ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በ2010 ደግሞ ሶኒ በእንግሊዝ ገበያ ፕሌይስቴሽን 2ን ከሥሩ ያካተተ ባለ 22 ኢንች ቴሌቪዥን አቀረበ። ማሽኑ ይህን ያህል ባይቀጥን ይህ አይሞከርም ነበር።

ምርቱ የቆመው በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያም በኋላ በ2013 መገባደጃ ፊፋ 14 እና ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር 2014 ለዚህ ማሽን ታትመዋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አዲስ ጌም የተሠራለት ማሽን በዚህ ዘርፍ ብርቅ ነው።

በእኛ ሰፈር

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ልጅ ፕሌይስቴሽንን ያወቀው በቤቱ ሳይሆን በሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበር፤ ሒሳቡ በጨዋታ ይከፈላል፤ የተሸነፈው ጆይስቲኩን ለተረኛው ያስረክባል። ሁሉም የሚሻው የእግር ኳሱን ጌም ነበር። የአውሮፓ ክለቦችን አሰላለፍ፣ የማን እግር ፈጣን እንደሆነ፣ ማን ከሩቅ እንደሚመታ በዚያ ክፍል ያጠና ወጣት ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቀጭኑ ማሽን ምቹ ነበር፤ ቦታ አይፈጅም፣ ማታ ሰብስቦ ለማሳደር አይከብድም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዲ እየተቀያየረ ሲሠራም የሚሰበር መሳቢያ የለውም። አንድ ማሽን ብዙ ልጆችን ያጫወተው እንዲህ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ውድ የሆነው ዕቃ በጋራ ሲሆን የሁሉም ሆነ።

ለሚገዛና ለሚጠግን

ዛሬ ያገለገለ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 2 ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ማሽኑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ያንብብ። 70000፣ 75000፣ 77000 እና 79000 የተጻፈባቸው የውጭ አዳፕተር ያስፈልጋቸዋል፤ 90000 አያስፈልገውም። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ቮልቴጁ ያልተስማማ ቻርጀር ማሽኑን ያቃጥላል። ከ75000 ጀምሮ ያሉት በውስጥ የተለወጠ ቺፕ ስላላቸው ጥቂት የቆዩ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጌሞች አይስማሟቸውም።

ቀጥሎ ሌንሱ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሌንሱ ፊት ለፊት የተጋለጠ በመሆኑ አቧራ ይስባል። ስለዚህ ክዳኑን ክፍት ትቶ መሄድ አይገባም። ሲዲ አላነብ ሲል መጀመሪያ የሚፈተሸው የሌንሱ ንጽሕና ነው። የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ መሸፈን ወይም ማሽኑን ከሌላ ዕቃ ጋር መደራረብ ያሞቀዋል። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ ላይኖራቸው ስለሚችል ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ መጨመር ያስፈልጋል። ምስሉ ለአሮጌ ቴሌቪዥን የተሠራ ነውና በሰፊ ስክሪን ላይ እንደ ዛሬዎቹ ጌሞች ጥርት ብሎ አይታይም።

የማቅጠን ልማዱ ዛሬም አለ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2009፣ ፕሌይስቴሽን 4 በ2016፣ ፕሌይስቴሽን 5 በ2023 ቀጭን ወንድሞቻቸውን አግኝተዋል። አንድም ግን የፕሌይስቴሽን 2ን ሽያጭ አልደረሰበትም፤ ሶኒ እንደገለጸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 160 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። ለዚህ ቁጥር ጌሞቹም ዲቪዲውም ድርሻ አላቸው። ቀጭኑ ማሽን ደግሞ የራሱን ድርሻ አበርክቷል፤ የደረሰውን ሥራ ሳያጎድል ወጪውን ቆርጦ፣ ዋጋውን አውርዶ፣ ብዙ ሰው ዘንድ ደርሷል። አንድን ማሽን መመዘን ያለብን በወጣበት ቀን ባሳየው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው እጅ ገባ በሚለውም ነው። በዚህ ሚዛን ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 እስካሁን ከተሠሩት የቤት ጌም ማጫወቻዎች ከፊተኞቹ ረድፍ ይቆማል።