የሕክምና ሲሙሌሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

የሕክምና ሲሙሌሽን በእውነተኛ ታማሚ ላይ ሳይሆን በአሻንጉሊት፣ በመሣሪያ ወይም ታማሚ መስሎ በሚቀርብ ሰው ላይ እየተለማመዱ የሕክምና ሥራን የሚማሩበት ዘዴ ነው። ዘዴው የተስፋፋው በሐኪሞችና በነርሶች ትምህርት ውስጥ ሲሆን፣ ቀለል ያለው ክፍል በብዙ አገሮች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ ዋናው ልቡና ትንፋሹ የቆመን ሰው የማነቃቃት ልምምድ (ሲፒአር) ነው።

ታሪክ

በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ የአሻንጉሊት ፋብሪካ የነበረው ኦስሙንድ ሌርዳል «ሪሳሲ አን» የተባለችውን የሰው ቁመት ያላት መለማመጃ አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ አቀረበ። በሥራው ሐኪሞቹ ፒተር ሳፋርና ብዮርን ሊንድ ረድተውታል። የአሻንጉሊቷ ፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፓሪስ ሴን ወንዝ ሰጥማ እንደ ሞተች ከሚነገርላት፣ ስሟ ካልታወቀ ወጣት የፊት ቅርጽ የተወሰደ ነው። በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች በአሻንጉሊት ትንፋሽ መስጠትን ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር የሚመራው «ሲም ዋን» ተሠራ። ደረቱ ይነፋ፣ ዓይኑ ይርገበገብ፣ የልብ ምቱም ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ተማሪዎች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ሁለት ሰዓት ሲፒአር እንዲማሩ የሚጠይቀውን ጥሪ ደገፈ።

ለምን በእጅ?

ልብ ከቆመ በኋላ አንጎል ያለ ኦክስጅን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት አይደርስም። ስለዚህ የሰውየው ሕይወት በአብዛኛው የሚወሰነው አጠገቡ ባለው ሰው ነው። ያም ሰው የቤተሰብ አባል ወይም የክፍል ጓደኛ ሊሆን ይችላል።

የደረት ግፊት በንባብ ብቻ አይለመድም። የአዋቂ ደረት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላም ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ ይለቀቃል። ትንፋሽ መስጠት የሠለጠነ ሰው በየ30 ግፊቱ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅና ምን ያህል ቶሎ እንደሚያደክም ተማሪው የሚረዳው ሲሠራው ነው።

ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። በዌልስ ካርዲፍ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከ9 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች አዘዋወሩን ቢያውቁም ደረትን በበቂ ጥልቀት መጫን እንዳልቻሉ፣ ከ13 እስከ 14 ዓመት ያሉት ግን እንደ አዋቂ መጫን እንደቻሉ አሳይቷል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንግዲህ ዕውቀቱም ጉልበቱም የሚገናኙበት ዕድሜ ላይ ነው።

አሰጣጥ

በመጀመሪያ አሠልጣኙ ሥራውን ሳያቋርጥ ያሳያል፤ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ እያብራራ ይደግመዋል፤ ከዚያ ተማሪዎች በየተራ ይሠራሉ። አንዳንድ አሻንጉሊቶች ግፊቱ በቂ ሲሆን «ጠቅ» ይላሉ። ቀጥሎ አጭር ትዕይንት ይቀርባል፦ አንድ ሰው በድንገት ወድቋል፤ አንዱ ተማሪ እርዳታ ይጠራል፣ ሌላው ደረት ይጫናል፣ ሦስተኛው የኤኢዲ መለማመጃ መሣሪያ ያመጣል። መለማመጃው ትእዛዝ ይናገራል እንጂ ኤሌክትሪክ አይለቅም።

ከትዕይንቱ በኋላ ውይይት ይደረጋል። ተማሪዎቹ ምን እንዳደረጉና ለምን እንደዘገዩ ይነጋገራሉ። ስህተቱ ማንንም ስለማይጎዳ በግልጽ ሊነሳና ወዲያው ሊታረም ይችላል።

ውስንነት

በልምምድ የተገኘ ችሎታ ካልተደገመ በወራት ውስጥ ይደክማል። የኮምፒዩተር አሻንጉሊቶች ዋጋም ለአብዛኛዎቹ ትምህርት ቤቶች ከባድ ነው። ለደረት ግፊት ግን ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ቀላል አሻንጉሊት ይበቃል። አሻንጉሊቱ አያስመልስም፣ በዙሪያውም የሚያለቅስ ዘመድ የለም፤ ስለዚህ ሥልጠናው ድንጋጤን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። ድንጋጤው ሲመጣ ግን እጅ ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።