ጥማቱ ቤታችን እስኪደርስ አንጠብቅ

በረመዳን ከአስር ሰዓት በኋላ ጉሮሯችን ሲደርቅ ስለ ውሃ ክብር የሚሰብከን ሰው አያስፈልገንም። በሌላው ጊዜ ግን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ መኪናም ፋብሪካም የሌለው አርብቶ አደር ከብቶቹን አጣ። እኛ ከተሜዎቹ ግን በዜና ሰምተን ከንፈር መጠጥን፤ ቧንቧችን አልደረቀምና።

የሐረማያን ሐይቅ እናስታውስ። ለሐረር ከተማ ለዓመታት ውሃ ሲያጠጣ ኖሯል። በዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት በፓምፕ ይስበዋል፤ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ይሞላዋል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። እያንዳንዱ “የእኔ አንድ ፓምፕ ምን ታጎድላለች?” ቢል አይፈረድበትም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ፤ የገበሬውም የከተሜውም ጉዳት አንድ ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው በአላህ እዝነት ተመልሷል። አያያዛችን ካልተለወጠ ግን ዳግም እናጣዋለን።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ጠባያችንን በመርከብ መስለውታል። ኢማም ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ከመርከቡ ታች ያሉት ሰዎች ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ እየወጡ ሌላውን ላለማስቸገር በድርሻቸው ቀዳዳ ሊበሱ ያስባሉ። የላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰምጣሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። ልብ እንበል፤ የታቾቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ውሃ ፈልገው ነው። ባለፓምፑም ልጆቹን ሊያበላ ነው። ስለዚህ “ተው” ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኝ ማገዝም የላይኞቹ ድርሻ ነው።

ጾም ያልደረሰብንን ጥማት አስቀድሞ ያቀምሰናል። እንግዲህ ከቅርባችን እንጀምር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ግን በየመስጂዱ ቧንቧውን ከፍተን እየተጨዋወትን ዉዱእ እናደርጋለን። ዛሬ ማታ ልጆቻችንን በአንድ ጣሳ ዉዱእ ማድረግ እናስተምራቸው። ከኢፍጣራችን ወጪ ቀንሰን ድርቅ ለጎዳው አካባቢ ውሃ ሰደቃ እናውጣ። በክረምት የምንተክለውንም ችግኝ በበጋ እናጠጣው፤ ካልጸደቀ አልተከልነውምና።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የወንድማችን ጥማት የእኛ ጥማት ሆኖ የሚሰማው ልብ ይስጠን። አሚን።