የሞተር መፈተኛ መንበር

በከብት ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ከፍቶ ሳያይ፣ ጀርባውን ዳብሶ ሳይመረምር፣ ጥቂት እርምጃም ሳያስኬደው ገንዘቡን ከመቀነቱ እንደማይፈታ የታወቀ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በሶማሌ ተራና በአካባቢው፣ ያገለገለ የመኪና ሞተር የሚገዛ ሰው ግን ከበሬው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ቈጥሮ፣ በዘይትና በአቧራ የተለወሰ፣ ውስጡ የማይታይ፣ ድምፁም ያልተሰማ ብረት አስጭኖ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ሞተሩ ደኅና መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያውቀውም አሮጌው ወጥቶ፣ የተገዛው ገብቶ፣ የላስቲክ ቧንቧው ሁሉ ታስሮ፣ ሽቦው ሁሉ ተቀጥሎ፣ የስንት ቀን ድካም ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከታች ኮሎ የሚባለው ዋና ዘንግ ሲያንኳኳ ቢሰማ፣ ሻጩ «እኔ ስሰጥህ ደኅና ነበር፤ ያበላሸው ሜካኒክህ ነው» ይላል፤ ሜካኒኩም «ፊቱንም የሞተ ሞተር ነው ያመጣህልኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ገዢውም በሁለቱ መካከል ምስክር አጥቶ ይቀራል።

ይህን ክርክር ከሥሩ ሊነቅል የሚችል፣ ብየዳ በሚያውቅ በማናቸውም መካከለኛ ጋራዥ ሊሠራ የሚቻል አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ከካምቢዮና ከጎማ ተለይቶ፣ ብቻውን ቆሞ እንዲሠራ የሚያደርገው የብረት መንበር ነው። በዚህ መንበር ላይ ለሞተሩ ነዳጅ፣ ውሃ፣ ዘይት፣ አየርና ኤሌክትሪክ ይቀርብለታል፤ ሙቀቱን፣ የዘይቱን ግፊትና የዙሩን ብዛት የሚገልጹ መለኪያዎች በአጠገቡ ይተከሉለታል፤ ከዚያ ወዲያ ሲነሣ በአራቱም ማዕዘን፣ ከላይም ከታችም፣ ለሚመረምረው ሰው ራሱን ይገልጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን መለየት ነው። መኪና በታመመ ጊዜ ሕመሙ ከሞተሩ ይሁን ከቆሸሸው የነዳጅ ጋን፣ ከተደፈነው ራዲያተር ወይም ከተበላሸው ሽቦ ይሁን ለማወቅ የሚያስቸግር ሲሆን፣ በመንበሩ ላይ ግን ነዳጁ ንጹሕ፣ ራዲያተሩ ደኅና፣ ሽቦውም አጭርና የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሚታየው ሕፀፅ ሁሉ የሞተሩ የራሱ ነው።

የዚህ መሣሪያ ጥንተ ነገሩ ከታላላቅ ፋብሪካዎች የተገኘ አይምሰለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በገና ዋዜማ፣ ሄንሪ ፎርድ በዲትሮይት ከተማ በባግሊ ጎዳና በሚገኘው ቤቱ፣ ሲሊንደሩን ከጋዝ ቧንቧ ቍራጭ፣ ቦላኖ የሚባለውን ከባድ መዘውሩን ከአሮጌ የቶርኖ መዘውር አበጅቶ የሠራውን ትንሽ ሞተር በሳንቃ ላይ አስሮ፣ ሳንቃውንም ከወጥ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ጋር አጣብቆ አስነሣው። ሚስቱ ክላራ ለበዓሉ የምታሰናዳውን ትታ ቤንዚኑን በእጇ እያንጠባጠበች ትመግበው ነበር፤ የሚያቀጣጥለው ፍንጣሪ ከቤቱ መብራት የተወሰደ ነበር፤ ልጃቸው ኤድሰልም የሰባት ሳምንት ያህል ሕፃን ነበር። ያ ሞተር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሠርቶ ጠፋ፤ ነገር ግን ፎርድ ሊያውቅ የሚሻውን ስላወቀ ወደ ሌላ ትልቅ ሞተር ተሻገረ፣ በ1896 ዓ.ም. በሰኔ ወርም በአራት መንኰራኵር የሚሄደውን የመጀመሪያ ተሽከርካሪውን ወደ ጎዳና አወጣ። የወጥ ቤቱ ሞተር ዛሬ በዲርቦርን በስሙ በተሰየመው ቤተ መዘክር ይገኛል።

በ1903 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ የራይት ወንድማማቾች ሜካኒክ ቻርልስ ቴይለር በዴይተን የብስክሌት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለአውሮፕላናቸው የሠራው ሞተር በመቆሚያው ላይ ሳለ፣ በሁለተኛው ቀን ሙከራ፣ የሚንጠባጠበው ቤንዚን የመሽከርከሪያዎቹን ቅባት አጥቦ አደረቃቸውና ሞተሩ ነክሶ ቆመ፣ ከአሉሚኒየም የፈሰሰው አካሉም ተሰበረ። ሌላ አካል እስኪፈስ ድረስ ወራት አለፉ። እኔ ግን ይህን ስብራት ከመልካም ዕድላቸው እቈጥረዋለሁ፤ ሊሰበር የተገባው ሞተር በምድር ላይ፣ ባለቤቶቹ በአጠገቡ ቆመው ሳለ ተሰብሯልና።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የመንበሩ አካል የሚበየደው በየብረታ ብረት መደብሩ ከሚሸጠው ቱቦላሬ ሲሆን፣ ጐኑ 50 በ50 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱም 3 ሚሊሜትር የሆነው ለአራት ሲሊንደር ሞተር ይበቃል። አራት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር 200 ኪሎ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊመዝን የሚችል ስለ ሆነ ብየዳው የታመነ መሆን አለበት፤ ዳሩ ግን መንበሩን የሚፈትነው ክብደት ብቻ አይደለም። ኮሎው ወደ አንድ ወገን በተሽከረከረ ቍጥር የሞተሩ አካል ወደ ተቃራኒው ወገን ለመዞር ስለሚታገል፣ የጋዙ ሽቦ በድንገት በተሳበ ጊዜ ሞተሩ ወደ ጐን ሲያዘነብል በዐይን ይታያል፤ ስለዚህ የመንበሩ እግሮች ከሞተሩ ወርድ አልፈው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሊሰፉ ይገባል። ለመግፋት እንዲመች ጎማ ቢደረግለት መልካም ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ጎማዎቹ ከመሬት ለቀው መንበሩ በብረት እግሩ ይቁም። ሞተሩ የሚያርፍበትም ቦታ የመኪናው የራሱ ባለ ላስቲክ ሱፖርቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ብረት በብረት ላይ በቀጥታ የታሰረ እንደ ሆነ መንቀጥቀጡ ሁሉ ወደ ብየዳውና ወደ መለኪያዎቹ ይተላለፋልና። ልባም ሠራተኛ ደግሞ አንዱን ቱቦላሬ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተትና በቡሎን የሚጠብቅ አድርጎ ስለሚሠራው፣ መንበሩ ለብዙ ዓይነት ሞተር ያገለግላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ነገር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ነው። እንደ ሸቭሮሌ ባለ ስምንት ሲሊንደር ባሉ ሞተሮች ሞተሪኖው ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰር ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ግን የሚታሰረው ቦላኖውን ከሚሸፍነው ከፊተኛው የካምቢዮ ቤት ጋር ነው፤ ካምቢዮው ከወጣ ሞተሪኖው የሚይዘው ያጣል። መድኀኒቱ ጥርሱ ያለቀ ካምቢዮ ከአሮጌ ብረት መካከል ፈልጎ፣ የፊተኛውን ቤት በመጋዝ ቈርጦ፣ ከሞተሩ ጋር በቡሎኖቹ ማሰር ነው። በዚህ ረገድ የድሮው ቮልስዋገን ከሁሉ ይቀላል፤ ሞተሩ በመኪናው ላይ ከካምቢዮው ጋር የሚጣበቀው በአራት ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተቈረጠው የካምቢዮ ቤት በመንበሩ ላይ ከተበየደለት ሰሌዳ ጋር ሲታሰር ሞተሩን መሸከሚያም ሞተሪኖውን መያዣም ይሆናል። በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑም ራዲያተር አያሻውም፤ ነገር ግን አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት የላሜራ ሽፋኖች ሁሉ በየቦታቸው ካልገቡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ይህን ሥራ ሊማር ለሚወድ ወጣት በቮልስዋገን ይጀምር እላለሁ።

በውሃ ለሚቀዘቅዘው ሞተር ራዲያተሩ ከነክዳኑ ደኅና መሆን አለበት፤ ይህም በአዲስ አበባ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ ነው። ክዳኑ የላላ እንደ ሆነ ቴርሞስታቱ ገና እንደ ተከፈተ ውሃው ይፈላል፣ ጤነኛውም ሞተር በሐሰት ይከሰሳል። ክዳኑ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ከሆነ ግን የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

የነዳጁ ጀሪካን ከማርሚታውና ከባትሪው ርቆ ይቀመጥ፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድም ቀለም ከተቀባው መንበር ጋር ሳይሆን ከሞተሩ አካል ጋር በቀጥታ ይታሰር። የማራገቢያው ክንፍ በወንፊት ብረት ይከለል። ጢሱ ሽታ የሌለው ገዳይ መርዝ ስላለበት በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሣት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። የናፍጣ ሞተርም አንዳንድ ጊዜ የራሱን ዘይት እየሳበ ማቃጠል ከጀመረ፣ ነዳጁ ቢዘጋም ሳይጠፋ፣ ዙሩ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይሰብራል፤ ይህን የሚያቆመው የአየር መግቢያውን መክደን ብቻ ስለ ሆነ፣ ለአፉ የሚበቃ ወፍራም የላሜራ ክዳን ዘወትር በእጅ አጠገብ ይኑር። ጨርቅ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ እጅ ደግሞ ፈጽሞ አይቅረብ።

የማስነሣቱን ሰዓት በጥንቃቄ ልግለጸው። ብዙ ወራት ተጋድሞ የከረመ ሞተር ከብሮንዚኖቹ ላይ ዘይቱ ወርዶ ስለሚያልቅ፣ እንዲሁ ቢነሣ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ስለዚህ የቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፤ የናፍጣ ከሆነ ደግሞ በኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ያለው የነዳጅ መዝጊያ ሽቦ ይነቀላል፤ ከዚያም ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ፣ ከዐሥር ሰኮንድ ያህል ሳያልፍና በየመካከሉ ሞተሪኖው እየበረደ፣ የዘይቱ መለኪያ እስኪነሣ ድረስ ይዞራል። መርፌው ከዜሮ ተላቆ ሲንቀጠቀጥ ዘይቱ እንደ ደረሰ ይታወቃል። የተነቀለው ሁሉ ተመልሶ ሞተሩ በእውነት በተነሣ ጊዜም፣ የመርማሪው ዐይን ከመርፌው አይለይ፤ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር መርፌው ወዲያው ካልወጣ ሞተሩ በቶሎ ይጥፋ። ከሞቀ በኋላ በደቂቃ በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል ግፊት መገኘት አለበት የሚለው የሜካኒኮች ልማድ ለብዙ ሞተሮች የሚጠቅም መለኪያ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ንባብ ነው። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጢስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ያመለክታል፤ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጢስ፣ በራዲያተሩ ውስጥ ከማያቋርጥ አረፋ ጋር ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ይመሰክራል። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ጢስ እየተገፋ የሚወጣ እንደ ሆነ የፒስተኖቹ ፋሻዎች አልቀዋል። በድሮው ዓይነት የናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ አንድ ድንቅ ምርመራ አለ፤ ይኸውም ሞተሩ እየሠራ ሳለ ወደ አንዱ ሲሊንደር የሚሄደውን የነዳጅ ቧንቧ፣ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳን ሊበሳ ስለሚችል በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ፣ ዳዶውን በጥቂቱ ማላላት ነው። ዙሩ ከቀነሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ቀድሞም አይሠራም ነበር። የሚያንኳኳውም ድምፅ በዚያው ሰዓት ከለሰለሰ ሕመሙ በየትኛው ሲሊንደር እንዳለ ተገኘ። ይህን በመኪናው ኮፈን ሥር ተጎንብሶ ማድረግና በመንበሩ ዙሪያ ቆሞ ማድረግ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

የሲሊንደሮቹ ግፊት ሲለካም የአገራችን ከፍታ ሊታሰብ ይገባል። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ለናፍጣ ሞተር 30 ባር ቢል በአዲስ አበባ ጤነኛው ሞተር 23 ባር ገደማ ቢያሳይ ሊያስደንቅ አይገባም፤ አየሩ ራሱ በሩብ ያህል ቀሏልና። እዚህ የሚታመነው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸው ሞተሮች ጥቂት እንዳይደሉ አምናለሁ።

ይህ መንበር ሁሉን ይናገራል ማለት ግን አይደለም። ጭነት የሌለበት ሞተር ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው አይታወቅም። ለዚህ የሚሆነውን መሣሪያ ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. በሚሽከረከር ዘንግ ላይ በሚጠብቅ እንጨት፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድም በ1877 ዓ.ም. በውሃ ኃይል ዘንጉን እየያዙ እንዲለካ አድርገው አበጅተውታል፤ ዋጋውና አሠራሩም ከዚህ መንበር በላይ ነው። ደግሞም አዲስ ፋሻ የገባለት ሞተር ያለ ጭነት በዝግታ ብዙ ሰዓት ሲሠራ ቢውል የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስተዋት ይለሰልሳል፣ ፋሻውም በደንብ ሳይገጥም ይቀራል፤ ስለዚህ በመንበር ላይ የሚደረገው ምርመራ የደቂቃዎች እንጂ የቀን ሥራ አይደለም።

ሻጮች በማኅበር ሆነው አንድ መንበር በገበያው አጠገብ ቢያቆሙ ወጪው ለሁሉም ተከፋፍሎ እጅግ ይቀላል። ሥርዓቱም አስቸጋሪ አይደለም፤ ሞተሩ በሻጩ፣ በገዢውና በሜካኒኩ ፊት ይነሣል፤ ቀዝቃዛ ሳለና ሞቆ ሳለ ያሳየው የዘይት ግፊት፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት፣ የጢሱም ዓይነት ከሞተሩ ቍጥር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሦስቱም ይፈርሙበታል፤ ከዚያም ውሃው ከሞተሩ ፈስሶ፣ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ነገር ተደፍነው፣ ሞተሩ ይጫናል።