ነብሩ ይጾማል፣ ወፏ አንድ ክንፍ አላት፤ የጋሞ ታሪክና ምርምር በማኅበራዊ ሚዲያ

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በጋሞ ደጋ ባለችው ዶርዜ ተቀምጦ ካጠናው ሁሉ የብዙ ሰው ትዝታ የያዘው አንዱን ነው። የዶርዜ ሰው ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያከብራል ይላል። ስፐርበር ይህን እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ፣ በዓመቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ በወጣው መጽሐፉ አስፍሮታል። ለፌስቡክ የተሰፋ ወሬ ነው፤ አጭር ነው፣ ያስቃል፣ የነብር ፎቶ ከተለጠፈበት ደግሞ አገር ለማዳረስ ቡና እስኪፈላ አይፈጅበትም። የሚቀረው የነገሩ ሌላ ግማሽ ነው። ያው የዶርዜ ሰው ረቡዕና ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከብቱን ከነብር ይጠብቃል። ስፐርበርን ያመራመረውም ይኸው ነው፤ ሰው አንድን ነገር እውነት ብሎ ተቀብሎ ሳለ ውሎውን በሌላ እውነት መምራቱ። ይህ ግማሽ ሲቆረጥ ትልቅ የፍልስፍና ጥያቄ በገጠር ሰው ላይ የሚሳቅበት ቀልድ ይሆናል።

ድንቃድንቅ መሰብሰብና ማካፈል ከስማርት ስልክ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው ዓምዱ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ነበር። አንባቢ ይጽፍለታል፣ እሱ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ይመልሳል፣ ሲያሻውም ያላግጣል። መልሱ ግን የሚታወቅ ባለቤት ነበረው፤ የተሳሳተ ነገር ያገኘ ሰው ደብዳቤውን ለማን እንደሚልክ አይጠፋውም። የዛሬው የታሪክ ገጽ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጽሑፉም ከሌላ ገጽ ተቀድቶ፣ ያም ከሌላ ተቀድቶ የመጣ ነው።

አርባ ምንጭና የጋሞ ዞን ለዚህ ዓይነቱ ገጽ የማይነጥፍ ጓዳ ናቸው። የጋሞ ደጋ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ከተጠኑ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዣክ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ጋሞ ሕዝብ፣ ማርክ አቤሌስ በ1983 ስለ ኦቾሎ የሸንጎ ፖለቲካ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። ጁዲት ኦልምስቴድ በ1997 የአንዲትን የደጋ ሴት መሪ ሕይወት፣ ዴና ፍሪማን በ2002 የዶኮን ሥርዓተ ሹመትና ለውጡን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ስለ ዱቡሻ (የሸንጎ አደባባይ)፣ ስለ ሃላቃ (የማኅበረሰቡ ተሿሚ)፣ ስለ ደሬ (የጋሞ አገር) በዝርዝር የጻፉ ናቸው፤ የኦቾሎ ወይም የጨንቻ ሰው ግን አንዱንም ከመጻሕፍት መደብር ገዝቶ ማንበብ አይችልም። ቋንቋው ይከለክለዋል፣ ዋጋውም ይከለክለዋል። ስለዚህ እውቀቱ ወደ አገሩ የሚመለሰው በቴሌግራም በሚዘዋወር ፒዲኤፍ፣ አለዚያም አንድ ትጉህ መምህር ጨምቆ በለጠፈው ገጽ ተኩል አማርኛ ነው። የቅጂ መብት ጥያቄ እንዳለበት አውቃለሁ። ሆኖም እንዲህ ያለ ሐቀኛ ጭማቂ የሚጽፍ አንድ ሰው በሆቴል አዳራሽ ከሚካሄዱ ብዙ ዐውደ ጥናቶች የበለጠ ሥራ ይሠራል ባይ ነኝ።

የዚህን መስክ ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የባይራ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የጋሞ ሽማግሌዎች ጆንና ካትሪን አርተር የተባሉትን አሜሪካውያን አርኪዮሎጂስቶችና ባልደረቦቻቸውን ወደ ሞታ ዋሻ መሯቸው። በጥንቱ ጦርነት ጊዜ ሕዝቡ የሚሸሸግበት ዋሻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ቁፋሮ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የአንድ ወንድ አጽም ተገኘ፤ በጋሞኛ በኩር ለማለት ባይራ ተባለ። ዋሻው ደጋ ላይ ስላለና ቀዝቃዛ ስለሆነ በውስጠኛው የጆሮ አጥንት ውስጥ ዲኤንኤው ሳይበላሽ ቆይቷል። ጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሙሉ ጂኖሙ ሲወጣ ከአፍሪካ ምድር የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የሰው ጂኖም ሆነ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የቀረበው ለአሪ እንደሆነም ታወቀ።

ጽሑፉ ግን ሌላም ነገር ብሎ ነበር። ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ ዩሬዥያ ወደ አፍሪካ ቀንድ የተመለሱ ሰዎች ዘረ መል በመላው አፍሪካ ተሰራጭቷል፣ በምዕራብ አፍሪካዎቹ ዮሩባና በኮንጎዎቹ ምቡቲ ውስጥ እንኳ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል አለ። ዓለም አቀፍ ጋዜጦች ይህን ይዘው ሮጡ፤ ገጾቻችንም ተከተሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሎች የዘረ መል ተመራማሪዎች ቁጥሩን ሲፈትሹት አልገጥም አላቸው። የባይራ መረጃ ከሌሎቹ ጋር ሲዋሐድ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን የሚያስማማ አንድ እርምጃ ተዘልሎ ኖሯል፤ ባይራ ከማነጻጸሪያው የሰው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ብዙ ቦታዎች ከስሌቱ ወጥተዋል። ደራሲዎቹ አላመካኙም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እርማት አወጡ። የዩሬዥያው ቅልቅል በምሥራቅ አፍሪካ ጸና፣ «በመላው አፍሪካ» የሚለው ግን ተሰረዘ።

ሳይንስ መሥራት ያለበት እንዲህ ነው። የልጥፉ ዓለም ግን እርማት የሚያስገባበት በር የለውም። የ2015ቱ ዜና እስካሁን እንደ ትኩስ ወሬ ተመልሶ ይለጠፋል፤ እርማቱን አብሮ የሚጠቅስ ልጥፍ ማግኘት ድካም ነው። አንዳንዱ ይባስ ብሎ ባይራን «የሰው ዘር ሁሉ አባት» ያደርገዋል። ከአንድ የ4,500 ዓመት ሰው ያንን መጠበቅ ትንሽ ይበዛበታል፤ ድንቅነሽ እንኳ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይዛ በልክ ነው የምትናገረው።

ከባይራ ቀጥሎ የምወደው የነጭ ሳሯ ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጣ የአሳሾች ቡድን በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍ ያገኛል። የሌሊት ወፍ ስል ጡት አጥቢዋን ሳይሆን ማታ ማታ ነፍሳት የምታድነውን ባለ ላባ ማለቴ ነው። ከሬሳው የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ እንደ አዲስ ዝርያ ተመዘገበች፤ የሳይንስ ስሟም «ብቸኛዋ ክንፍ» ማለት ነው። በ2009 አየናት ያሉ ወፍ ተመልካቾች መጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፍ ጻፈባት። ለልጥፍ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ሆኖም በአማርኛ ስለ እሷ የተጻፈው ከጫሞ ሐይቅ የአዞ ገበያ ፎቶዎች ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ሌላው ቋሚ የስህተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው በእኛ 1979፣ በአውሮፓውያኑ 1986 ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996፣ ወይም በ2004። አራቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሲጣሉ ግን ተቋሙ አንዴ ሰባት ዓመት ያረጃል፣ አንዴ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ይወለዳል። አባያ ሐይቅን ቦቴጎ የተባለው ጣሊያናዊ አሳሽ በ1896 እ.ኤ.አ. «ንግሥት ማርጌሪታ» ብሎ የሰየመበት ታሪክም እንዲሁ ከዓድዋ ጋር ይምታታል። ያው ዓመት በእኛ 1888 መሆኑን ያላስታወሰ ሰው ቦቴጎን ከዓድዋ ስምንት ዓመት አርቆ ያስቀምጠዋል።

የትምህርት ዜና የሚባለው ሌላ ዘርፍ ነው፤ ጉልበቱም ይበልጣል። ዩኒቨርሲቲው የምረቃ፣ የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ዜናውን በገጹ ያወጣል፤ ተማሪው ግን በዋናነት የሚጠብቀው ምደባና ውጤት ነው። ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ሌላው ወሬ ሁሉ ተዋጠ። ብዙ ሳይቆይ በየካቲት በሌላ ምክንያት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አልተከፈቱም። ገጽ ያላቸው መምህራን በእነዚያ አምስት ወራት የጻፉትን የሚያነብላቸው ቪፒኤን ያለው ብቻ ነበር።

ጨዋታው የሚያስፈራ የሚሆነው ታሪኩ ከዛሬ ጠብ ጋር ሲገናኝ ነው። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት በግዕዝ የጻፈ የጋሞ ሰው ነው፤ የራሱም ንብረት እንደተዘረፈ ጠቅሷል። የድርሰቱ ርዕስ ዛሬ ስድብ የሆነ ቃል ስላለበት፣ ጽሑፉ በየልጥፉ እየተቆራረጠ ለመወራረፊያ ይውላል። ከመሃሉ አንድ ክፍል ግን የሚለጥፈው ጥቂት ነው። ባሕርይ የራሱን ወገን ማኅበረሰብ በአሥር መደብ ከፍሎ ዘጠኙ ወደ ጦርነት እንደማይወጡ፣ የኦሮሞ ወንዶች ግን ሁሉም ተዋጊ እንደሆኑ ይጽፋል። ይህ ጥላቻ ሳይሆን የራስን ድክመት መመርመር ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድርሰቶቹን ኦሮሞን ከሚመለከቱ ሌሎች ሰነዶች ጋር አዛምደው በአማርኛ አሳትመዋቸዋል፤ ሙሉውን ማንበብ ለሚሻ መንገዱ ክፍት ነው።

መስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አጠገብ በምትገኘው ቡራዩ የተፈጸመው ግድያ ዜና በስልክ አርባ ምንጭ ደረሰ። ሟቾቹ ውስጥ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ስለነበሩ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወጣ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ በጋሞ ወግ ያንን አልፎ የሚሄድ የለም፣ ወጣቱም ተመለሰ። ያን ትዕይንት አገር ሁሉ ያየው ቁጣውን በለኮሰው በዚያው ስልክ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለሚፈጸም ጥፋት ቅጣቱን ያከብዳል። ሰው ግን ሽማግሌዎቹን እንጂ አዋጁን ሲጠቅስ አልሰማሁም።

ዘርፉ ያልነካው ትልቅ ቦታ አለ። ኦቾሎ የሚታወቀው በሸንጎው ብቻ አይደለም፤ ለአሥርት ዓመታት ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ የሚጠናበት ቀበሌም ነው። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና ከቤልጂየሟ አንትወርፕ የመጡ ተመራማሪዎች በሽታው በገደሉ ዋሻዎች ከሚኖሩት ሽኮኮዎች በአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው እንደሚሻገር በዝርዝር አሳይተዋል። ፊታቸው ላይ ጠባሳ ይዘው የሚያድጉት ልጆች ከዚያው ቀበሌ ናቸው፤ ወላጆቻቸውም ስልክ አላቸው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ፣ በሕክምና መጽሔት ላይ ተቀምጧል፤ ዝንቧ በየትኛው ሰዓት እንደምትናከስ፣ ልጅን ከየትኛው ዋሻ ማራቅ እንደሚገባ በጋሞኛ ወይም በአማርኛ በሁለት አንቀጽ የሚለጥፍ ገጽ እስካሁን አላጋጠመኝም።